ያረፈ ቁስል

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2079 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የሶልያና ግራ እግር «ያረፈ ቁስል» ተባለ። ባሏ ሮቤል ሰዓቱን የሚያስታውሰው በቁስል ጣቢያው፣ ከወንበሯ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ከስሟ ጎን በርቶ ስላየው ነው። ቃሉን አልወደደውም። ሰው አረፈ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዕድሜው ያውቃል። ሶልያና ግን ቀሚሷን ወደ ታች ስባ፣ የወንበሩን ክንድ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብላ ተነሣች። ያመሰገነችው የሚያጥባትን ማሽን ነበር።

ያረፈ ቁስል ማለት በየቀኑ በድምፅ መታጠብ የማያስፈልገው ማለት ነው። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ሶልያና ከእሑድ በቀር በየቀኑ ትታጠብ ነበር። ከዚያ በኋላ ተራዋ በወር አንድ ቀን ሆነ። የለቀቀችው ወንበር በማግስቱ ለሌላ ሴት ተሰጠ።

በኮምቦልቻ የእሷ እኩያ ሴቶች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት እግር አላቸው። በወጣትነታቸው ከከተማው ዳር በነበሩት የስፌት ሼዶች ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ሠርተዋል። ቆሞ መዋል በልጅነት አይታወቅም። ጎልማሳ ሲሆኑ የደም ሥሩ እንደ ገመድ ይጎነጎናል፤ ሲያረጁ ቁርጭምጭሚቱ ይጠቁራል፤ ከዚያ አንድ ቀን የአልጋ ጠርዝ ይጭረዋል፣ ያ ጭረት ደግሞ አይድንም። ሶልያና ከነቁስሏ ስድስት ዓመት ኖራለች። ሼዶቹ ዛሬ ለሚሠራባቸው ነገር የሚቆም ሰው አያስፈልግም፤ ማሽኖቹ እግር የላቸውም። አንዱ ሼድ ብቻ የቁስል ጣቢያ ሆኗል። ሴቶቹ ድሮ በቆሙበት ወለል ላይ በረድፍ ይቀመጣሉ። በዚያ ቤት ውስጥ መቀመጥ የተፈቀደላቸው ከታመሙ በኋላ ነው።

ጠዋት በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ያደረ ፋሻ ይፈታል፣ ፋሻው ክዳን ባለው ባልዲ ይጣላል። እግር መደገፊያው ላይ ይጋደማል። የብረት ክንድ ከላይ ይወርድና ቀጭን የጨው ውሃ ጉም እየነፋ ቁስሉ ላይ ያንዣብባል። ድምፁ ያለው በጉሙ ውስጥ ነው። ሰው አይሰማውም። የሞተው ሥጋና እዡ ግን ከሕያው ሥጋ እየተላቀቀ፣ ምላጭ ሳይነካው፣ እንደ ሳሙና አረፋ ወደ ሳፋው ይወርዳል። ሴቶቹ እግራቸውን ለክንዱ ሰጥተው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። የሶልያና ጎረቤት ዘሃራ፣ «በእናቶቻችን ጊዜ አልትራሳውንድ የሆድ ልጅ ነበር የሚያሳየው፤ ለእኛ ሲደርስ መግል አጣቢ ሆነ» ትላለች። ሁልጊዜ ትለዋለች፤ ሁልጊዜም የሚስቅላት አታጣም።

ድምፁን የሚሰሙት ውሾች ናቸው። ጣቢያው በተከፈተ ሰሞን የሰፈሩ ውሾች ቀንና ሌት አልቅሰው፣ በመጨረሻ የቦርከናን ወንዝ ተሻግረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በሼዱ ዙሪያ ውሻ የለም። ድመትም የለም። አይጥ በዝቷል። የሰፈሩ ልጆች ሌላ ቦታ ውሻ ሲያዩ ይሮጣሉ፤ ለምን ይፈራሉ ሲባል ስለማያውቁት ነው።

ድምፁ ምን ያህል ይጠንክር፣ ተራው በየስንት ቀን ይሁን የሚወስነው ሐኪም አይደለም። በጣቢያው ሐኪም የለም። የምትወስነው ሴቶቹ «ጠያቂዋ» የሚሏት፣ ከወንበሩ ራስጌ የምትናገር የማሽን ድምፅ ናት። የቁስሉን መልክ ታያለች፤ ነገር ግን ላይ ላዩ በየቀኑ ስለሚታጠብ መልኩ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ከሥሩ ያለውን የምታውቀው ከበሽተኛዋ አፍ ነው። ያማል ካሏት ድምፁን ታስተካክላለች፤ ሕመሙ ከበረታ ለደሴ ሐኪሞች ታስተላልፋለች፤ እሷ ያላስተላለፈችውን ደሴ የሚቀበለው ነፍሱ ስታሰጋ ብቻ ነው። አያምም ካሏት ቁስሉን ቀስ በቀስ ከዕለት ተራ ታወርዳለች።

መጀመሪያ የመጣችው ጠያቂ እንዳሁኗ አልነበረችም። ሰላምታ አታውቅም ነበር። ሴትዮዋ ገና ሳትደላደል «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያምዎታል?» ትልና መልስ እስክታገኝ ትደጋግማለች። ከተማው ተቀየመ። ጆንያ የሚመዝን እንጂ በሽተኛ የሚጠይቅ አይደለም አሉ። ግማሾቹ ሴቶች መምጣት ተዉ። ሽማግሌዎች፣ ሼሁም ቄሱም አንድ ላይ ሆነው፣ አቤት አሉ፤ ጣቢያዎቹን የሚያስተዳድረው ማዕከልም ሰማቸው። የወሎ ልጅ አንደበት ያላት፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ የምትል የምትመስል አዲስ ጠያቂ በታኅሣሥ ተላከች። «እንዴት አደሩ እማማ? ሌሊቱስ እንዴት ነበር? ጋብ አለልዎ?» ትላለች። የቀሩት ሁሉ ተመለሱ። ሶልያና ከሁሉም ይልቅ ወደደቻት። ልጅ አልወለደችም። ጠዋት ጠዋት ወደ ጣቢያው ስትሄድ ወደ ዘመድ ቤት የምትሄድ ትመስል ነበር።

ሮቤል ዘወትር የሚጠብቃት ከደጅ፣ ከሌሎቹ ባሎች ጋር ቆሞ ነበር። ያን ሐሙስ ግን የበልግ ዝናብ አባረረውና ገብቶ ከቢጫው መስመር ወዲህ፣ የአስታማሚዎች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የሚስቱን መልስ በጆሮው የሰማው ያን ቀን ነው።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«ተመስገን። አንቺስ ደህና አደርሽ ልጄ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌሊቱ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው። ተኝቼ አደርኩ።»

«ቁስሉስ?»

«እሱም ይሻለዋል። ይኸው እያጠባችሁልኝ።»

ሶልያና ያን ሌሊት አልተኛችም። እግሯን ከአልጋው አውርዳ፣ የትራሱን ጫፍ ነክሳ ነው ያነጋችው። ሮቤል ጀርባዋን ሲያሻት ነበር።

ሮቤል በሥራ ዘመኑ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያረጀ ሰው ነው፤ ከኬላ ሠራተኛ ጋር መነጋገር ያውቅበታል። ሶልያናን ባጃጅ ላይ አስቀምጧት ወደ አስካለ ተመለሰ። አስካለ የጣቢያው ብቸኛ ሠራተኛ ናት፤ ወንበር ትወለውላለች፣ ባልዲ ትለውጣለች፣ ንጹሕ ፋሻ ትጠቀልላለች። ሮቤል ሚስቱ መዋሸቷን ነገራት። አስካለ አልተገረመችም። አስታማሚ ስለ በሽተኛ መናገር እንደማይችል ነገረችው። ድሮ ይቻል ነበር፤ ቤተሰብ ተራ እንዳያመልጠው የዳነውን ያማል እያለ ሲያስቸግር ተከለከለ። አሁን በጥያቄው መካከል የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ ጥያቄው ይቋረጣል፣ ተራውም ይቃጠላል። አንድ መንገድ ግን አለ፤ ቁስልሽ አርፏል የተባለች ሴት አንድ ጊዜ እንደገና የመጠየቅ መብት አላት።

«የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ይዘዋቸው ይምጡ አባባ» አለችው። «ያመኛል ይበሉ። ያመኛል ካሉ በማግስቱ ወንበራቸው ይመለሳል።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

«ባትልስ?»

አስካለ ባልዲውን አንሥታ፣ የዚያ ዓይነት እግር ሳይታጠብ አንድ ወር ሲቆይ ምን እንደሚሆን አይተው አያውቁም ወይ ብላ ጠየቀችው። ሮቤል አይቷል። የሰፈራቸው ሰው ሁሉ አይቷል።

ቢሆንም ነገሩ ቀላል መሰለው። አንዲት ቃል ናት። ለሶልያና ሲነግራት ሳቀች፤ ያችን የመሰለች ልጅ በጠዋት ምን በወጣት እንዲህ ያለ ነገር ትሰማለች አለች። ሮቤል ዘሃራን ጠራት። የዘሃራ ተራ ወርዶ አያውቅም። ጠያቂዋን ስለ ቁስሏ ብቻ ሳይሆን ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ምራቷና ስለ ውሃው መጥፋት ሳይቀር ትነግራታለች።

ዘሃራ በርጩማ ስባ ከሶልያና ራስጌ ተቀመጠች። ድምጿን አቀጠነች።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«ተመስገን።»

«አይ፣ ወደቅሽ። እንደገና።»

«ታዲያ ሰው ሰላም ሲልሽ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ፣ ምን ደህና አለ፣ ስትቆረጥመኝ አደረች እንጂ ነው የምላት።»

«አታፍሪም?»

«ማንን ነው የማፍረው ሶሊ? ሽቦ እኮ ናት።»

«ሽቦም ብትሆን አክብራ ነው የጠየቀችኝ» አለች ሶልያና።

ዘሃራ ሮቤልን አየችው። ከዚያ ብድግ ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገችና፣ «አንቺ አሮጊት፣ ያምሻል አያምሽም? ቶሎ በይ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለች።

«ያመኛል» አለች ሶልያና ሳታስበው። «ደግሞ ምን ያስጮህሻል?»

ሦስቱም ሳቁ። የሮቤል ሳቅ መንገድ ላይ ቀረ። ያች ሰላምታ የሌላት፣ ከተማው ያባረራት ጠያቂ ብትኖር ሚስቱ ትናገር እንደነበር ገባው። በማግስቱ ሄዶ አስካለን ለመናት። ለአንድ ቀን፣ ለአንዲት ሴት፣ የድሮዋን ጠያቂ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። አስካለ ለአንድ ከተማ አንድ ድምፅ ነው አለችው። ደግሞም አዲሷን የለመናችሁት እናንተው ናችሁ አለችው።

እስከ ዓርብ ድረስ በየቀኑ ተለማመዱ። ዘሃራ ድምጿን እያቀጠነች ትጠይቃለች፤ ሶልያና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትመልሳለች። መጀመሪያ «ትንሽ» አለች። ከዚያ «አንዳንዴ» አለች። ሐሙስ ዕለት ቀና ብላ፣ ሰላምታውን ሳትመልስ፣ «ያመኛል» አለች። ዘሃራ እልል አለችላት። ሮቤል ያን ቀን እራቱን አጣጥሞ በላ።

ዓርብ ጠዋት ሶልያና ለሰው ቤት ጥየቃ እንደምትሄድ ሁሉ ተጣጥባ ንጹሕ ለበሰች። ፋሻዋን አስካለ ፈታችላት። ሮቤል ከቢጫው መስመር ወዲህ ቆሞ አፉን በመዳፉ ያዘ።

«እማማ ሶልያና» አለች ጠያቂዋ። «እንዴት ሰነበቱ? ጠፉብኝ እኮ።»

የሶልያና ፊት በራ። «አለሁ ልጄ። ወዴት እጠፋለሁ።»

«እንደገና ልጠይቅዎ ተብዬ ነው። ምን ሆኑብኝ? ያምዎታል እንዴ?»

ሶልያና ወደ ባሏ ዞረች። ሮቤል አንገቱን ነቀነቀላት። ከንፈሯ ተላቀቀ። ትናንት ያለችው ቃል አፏ ላይ ደርሶ እንደነበር ሮቤል እስከ ዛሬ ይምላል። በዚያች ፋታ ጠያቂዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ማንም የወሎ ልጅ በታመመ ሰው ፊት እንደሚለው፣ «እኔን እማማ፣ እኔን ይመመኝ» አለች።

ሶልያና ደነገጠች።

«ኧረ አንቺን ክፉ አይንካሽ» አለች። «ምነው ልጄ። ደህና ነኝ እኔ። ምንም አልሆንኩም።»

«ውሸቷን ነው፣ ያማታል» አለ ሮቤል።

ሰሌዳው ቀላ። ክንዱ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ጠያቂዋ የሌላ ሰው ድምፅ ስለተሰማ ጥያቄው መቋረጡን በትሕትና ተናግራ፣ ለእማማ ሶልያና ደህና ቀን ተመኘች። የፊተኛው ውሳኔ ጸና።

በባጃጁ ውስጥ ሮቤል የሚናገረውን ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ እሷ ጀመረች።

«ተቆጣህ።»

ሮቤል ወንዙን ያያል።

«ድሮ እዚያው ሼድ ውስጥ እግሬን አመመኝ ያለች ልጅ በማግስቱ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ታገኝ ነበር» አለች። «ተቆጣጣሪው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ ስል ነው ያረጀሁት። እሱን እንኳ ሰድቤም ቢሆን መናገር እችል ነበር፣ እንጀራዬ ሆኖብኝ ነው። ይህችን ግን… በኔ ፋንታ ይመመኝ አለችኝ እኮ። ሰው እንዲህ ሲልህ፣ እሺ ይመምሽ ትለዋለህ?»

«ሰው አይደለችም ሶሊ።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ሰው ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ሮቤል በዚህ ነገር አልተናገራትም። ውሃ በጨው እያፈላ፣ እያቀዘቀዘ፣ በንጹሕ ጨርቅ ራሱ ያጥባት ጀመር። እጁ መሪ የለመደ እጅ ነው፤ ጠንካራ ነው። ከላይ ያለውን ያነሣል፤ ከሥር ያለውን ድምፁ እንደሚያነሣው ማንሣት አይችልም። ሲነካት ታቃስታለች፤ በቤቷ ስለሆነ ታቃስታለች፤ ሮቤልም ይተዋል። ፋሻው አረንጓዴ ሆኖ መውጣት ጀመረ። ሽታው ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ደጅ ወጣ። ዘሃራ ግን መምጣቷን አልተወችም፤ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ሳታደርግ ነበር የምትቀመጠው።

አንድ ጠዋት ዘሃራ የራሷን ተራ ልትሰጣት ወሰነች። ሶልያናን በዘሃራ ወንበር አስቀመጧት። አስካለ አይታ እንዳላየች ሆነች። ክንዱ ወረደ፣ ቁስሉ ላይ ጥቂት ቆየ፣ ጉም ሳይነፋ ቆመ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ እግር የእማማ ዘሃራ አይደለም» አለች ጠያቂዋ። ቁስልን ከቁስል ትለያለች። ዘሃራ ከቆመችበት እናቷን ሰደበቻት። ሶልያና «ተይ፣ ምን አጠፋች» አለች።

በግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ጠቆሩ። ከዚያ ትኩሳት ያዛት። የወር ተራዋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሮቤልና ዘሃራ ደሴ አደረሷት። የደሴ ሐኪሞች ሰዎች ናቸው፤ ለማየትም ጊዜ አላባከኑም። የዕለት ድምፅ ለምን እንደተቋረጠባት ጠየቁ። ሮቤል ነገራቸው። አንደኛው ሐኪም ወጣት ነበር፤ ጣቢያው ስለ እሷ የመዘገበውን ሁሉ ከፍቶ አየ። ከታኅሣሥ ጀምሮ በአንድም ቀን ሕመም አልተናገሩም አለ። ሮቤልን ለመክሰስ አልነበረም፤ ያየውን ነው ያነበበው። እግሯን ከጉልበት በላይ ቆረጡት። መርዙ ግን ቀድሞ ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነጋታው ጠዋት ዘሃራ ሻይ ልትፈልግ ወጣች። ሮቤል ብቻውን አጠገቧ ተቀምጧል። ሶልያና ዓይኗን ገለጠች። የጠየቃት ሰው የለም።

«ሮባ» አለችው። «ያመኛል።»

ሮቤል ዞር ብሎ የሚነግረው ሰው ፈለገ።

«አውቃለሁ» አላት።

«በጣም ነው የሚያመኝ።»

«አውቃለሁ ሶሊ።»

 እጇን ይዞ ቆየ። ወደ ማታ ላይ ሞተች።

ኮምቦልቻ ላይ ተቀበረች። በሼዱ አብረዋት ቆመው የሠሩት ሴቶች ፋሻቸውን ሳይፈቱ ከጣቢያው ቀጥታ ወደ ቀብር መጡ፤ ግማሾቹ መቆም ስለማይችሉ በመቃብሮቹ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሮቤል በድንኳኑ ውስጥ እንዴት ነህ ላሉት ሁሉ ዝም አለ። ሰዎች ኀዘኑ አደነዘዘው አሉ።

በሣልስቱ የሶልያና ስልክ ጮኸ። ዘሃራ አነሣችው። ጠያቂዋ ነበረች፤ እማማ ሶልያና ለወር ተራቸው እንዲመጡ ልታስታውስ ነው። ዘሃራ ስድቧን ከሆዷ እያወጣች ነበር፤ ሮቤል ስልኩን ተቀበላት። ሞታለች አለ።  ጠያቂዋ ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን፣ ለእናንተም መጽናናትን ይስጣችሁ አለች፤ እንዲህ አሳምሮ የተናገረ ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም። ዘሃራ ሳታስበው «አሜን» አለች። ከዚያ ስልኩን ነጥቃ ግድግዳ ላይ ወረወረችው።

ሮቤል ሁለት ጊዜ ለማዕከሉ አቤት አለ። መልሱ አንድ ነበር፤ በሽተኛዋ ስለ ሕመም በግልጽ ተጠይቀው የለም ብለዋል፣ በድጋሚ ተጠይቀውም የለም ብለዋል፣ ስለ አገልግሎቱም አመስግነዋል። ሦስተኛውን አልጻፈም።

በዓመቱ መጨረሻ ከአገሪቱ ጣቢያዎች ሁሉ ዝቅተኛው ሕመም የተነገረው በኮምቦልቻ ሆኖ ተገኘ። በመስከረም 2080 ዓ.ም. የኮምቦልቻዋ ጠያቂ ድምፅ ለወልድያ፣ ለጎንደር፣ ለደብረ ማርቆስና ለጅማ ጣቢያዎች ተሰጠ።